ብረቱ ስንት ያወጣል? አንድ ቀን በድሬዳዋው አሮጌ የባቡር ጋራዥ

ይህ ገጽ ከሳምንት ሳምንት የሚያወራው ስለ ጤፍ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ዘይትና ስለ በርበሬ ነው። ዛሬ ለምናወራለት ዕቃ ግን ከመርካቶው ምናለሽ ተራ በቀር ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ ይገኛል ብዬ አልገምትም። ምናለሽ ተራ ደግሞ ለብረት የሚያውቀው መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ኪሎ። ዕቃው የድሮው የጅቡቲ - አዲስ አበባ ምድር ባቡር ሲሆን፣ ከነሎኮሞቲቩ፣ ከነፉርጎውና ከነመጠገኛ ማሽኑ ቆሞ የሚታየው ድሬዳዋ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ወደ ድሬዳዋ የሄድኩት ለባቡር ብዬ አልነበረም። ስለ ደረቅ ወደቡና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ስለተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና መረጃ ላሰባስብ ሄጄ ሥራዬን በሁለት ቀን ጨረስኩ። የመመለሻ ባቡሬ በማግስቱ ስለነበር አንድ ሙሉ ቀን ተረፈኝ። ያረፍኩበት ሆቴል ወጣት እንግዳ ተቀባይ "ሐረር ደርሰህ ና፤ ቅርብ ነው" አለኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ እንግዳው ቢከፋውም ባይከፋውም አንተ ይባላል።) ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። አውሮፕላን ድሬዳዋ ያወርደዋል፣ ሚኒባስ ወዲያው ወደ ሐረር ያሻግረዋል፤ ድሬዳዋ ከእንግዳው የምታገኘው የባጃጅ ሒሳብና የአንድ ቀዝቃዛ ውሃ ዋጋ ነው። እኔም ልሄድ ተነሥቼ ሳለ አጠገቤ ቁርስ ይበሉ የነበሩ አንድ ሰው "ከዚራ አድረህ ጋራዡን ሳታይ ልትሄድ ነው?" ብለው ወረፍ አደረጉኝ። ሐረር ቀረ።

ከዚራ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረ ሰፈር ነው። መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ጥላ ይሠራሉ። ደቻቱን ተሻግረው መጋላ ሲገቡ መንገዱ እንደፈለገው ይጠማዘዛል። ጣቢያው የሚገኘው የከዚራ ዋና መንገድ የሚያበቃበት አደባባይ ላይ ሲሆን፣ ፊቱ ላይ የድሮው ኩባንያ ስም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ይነበባል። ድሬዎች ኩባንያውን ሲጠሩት "ሽመንደፌር" ይሉታል፤ የብረት መንገድ ማለት ነው።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የመጣሁበትን ጠየቀኝ። ባቡሮቹን ልጎበኝ እንደሆነ ስነግረው "ሙዚየሙን በለኛ!" አለና ወደ ቢሮ መራኝ። መታወቂያ አሳየሁ፣ ከፈልኩ፣ ጥቂት ጠበቅሁ። የተሰጡኝ አስጎብኚ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በዚሁ ግቢ በቶርኖ ማሽን ላይ ቆመው ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ አራቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያስገቡበት ጊዜ አለ። ስማቸውን ጋዜጣ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጭነት የሚራገፍበት ቦታ

ጋሼ ጉብኝቱን የሚጀምሩት ከሀዲዱ ላይ ነው። በአንድ ሜትር ስፋት የተዘረጋ ጠባብ ሀዲድ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ ባቡር በሌላው መንገድ አይሄድም። ከሀዲዱ ሥር የተጋደመው እንጨት ሳይሆን ብረት ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው "ምስጥ ብረት አይበላም" አሉኝ።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ኮንሴሲዮን ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። በወረቀት ላይ መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል ነጭ ዓባይ ይደርሳል የተባለ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ግን ካፒታሉ ላነሰው ኩባንያ የሚቀመስ አልሆነም። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሀዲዱ ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከተራራው ግርጌ ሜዳ ላይ ቆመ። ቦታው መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተብሎ ነበር፤ ኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የ784 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው።

ለገበያ ሰው የሚጣፍጠው ክፍል ግን ሀዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ የቀረባቸው እነዚያ ዓመታት ናቸው። ከጅቡቲ የመጣው አቡጀዲድ፣ ጨውና ላምባ እዚህ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ቡናና ቆዳ እዚህ ከእንስሳ ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ውስጥ ይገባል። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ መጋዘን ይፈልጋል፤ መጋዘኑ ዘበኛ፣ ተሸካሚ፣ ደላላ፣ ገንዘብ አበዳሪ፣ ምግብ ቤትና አልጋ ይጠራል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ ሁሉ ወደዚህ የመጣው ይህንኑ አሽትቶ ነው። አንድ ግመል ሁለት መቶ ኪሎ ቢሸከም፣ አሥር ቶን የምትይዝ አንዲት ፉርጎ ሃምሳ ግመል ታስቀራለች። ከባሕር ዳርቻ አዲስ አበባ ድረስ ከወር በላይ ይፈጅ የነበረው የሲራራ ጉዞም መስመሩ ሲያልቅ ወደ ሦስት ቀን ወረደ፤ ሦስት ቀን የሆነውም ባቡሩ ሌሊት ሌሊት ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ስለሚያድር ነው። እንዲህ ያለ የማጓጓዣ ወጪ ቅነሳ በየትኛውም የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

ይሁንና ቅናሹ ሁሉ ወደ ነጋዴውና ወደ ሸማቹ ኪስ ገብቷል ማለት አይደለም። ኩባንያው በውሉ ሌላ ተወዳዳሪ ሀዲድ እንዳይሠራበት ዋስትና ይዞ ነበርና ታሪፉን የሚያወዳድሩለት ከግመሉ ጋር ነው። ከግመሉ ትንሽ ከረከሰ ይበቃዋል። "ታሪፉ ውድ ነው" የሚለው ስሞታ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

"በብርማ ማን ቆጥሮት!"

ጋራዡ ከጣቢያው ጀርባ ነው። ከፀሐዩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ይቆያል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ከላይ በተሰበረው መስታወት ጨረር ይገባል፣ ርግቦች ይመላለሳሉ። በሁለት ረድፍ የቆሙት ማሽኖች ብዛት ያስደነግጣል። የቶርኖ ማሽን፣ መብሻ፣ መላጊያ፣ መቁረጫ፣ የባቡር ጎማ የሚስተካከልበት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቶርኖ፣ ወዲያ ደግሞ ብረት የሚቀልጥበት ክፍል። ጋሼ በየማሽኑ እያለፉ በእጃቸው ይነኩታል። የእሳቸው ማሽን ጋ ሲደርሱ ቆሙና መዘውሩን አዞሩት። ዞረ። ዘይት ያለው ይመስላል። ማን ዘይት እንደሚቀባው አልጠየቅኋቸውም፤ እጃቸው ላይ ያለውን አይቻለሁ።

ከጋራዡ ውጪ የቆሙት ባቡሮች ግን ዘይት የሚቀባቸው የላቸውም። የአልስቶም ፋብሪካ ስም ያለባቸው የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ቀለማቸው ተልጧል። ጋሼ በአንድ ስም "ሊቶሪና" የሚሏቸው፣ ሞተራቸውን በሆዳቸው ይዘው የሚሄዱት የመንገደኛ ባቡሮች ወንበራቸው ተቀዷል። አንዱ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ጋሼ በመስኮቱ እያሳዩኝ ጣቢያዎቹን እንደ ዳዊት ደገሙልኝ፤ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ... ስሙን ጠርተው የሚሸጠውን ይጨምሩበታል። ኤረር ብርቱካን። ሚኤሶ ፍየልና ወተት። አዋሽ የምሳ ሰዓት። ባቡሩ የሚቆመው መንገደኛ ለማውረድ ቢሆንም የሚነሣው ገበያው ሲበተን ነው ይባል ነበር።

ወደ ማሽኖቹ ስንመለስ የሙያዬን ጥያቄ አመጣሁ። ጋሼ ሲያስረዱኝ፣ አንድ ዕቃ ሲሰበር ከፈረንሳይ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ የውጪ ምንዛሪ ሲጠፋ ደግሞ ከነጭራሹ አይመጣም። ስለዚህ ዳዶና ቡሎን ብቻ ሳይሆን ትልልቁን መለዋወጫ ሁሉ እዚሁ አቅልጠው፣ እዚሁ ቶርነው ይገጥሙ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለን "የገቢ ዕቃን በአገር ምርት መተካት" እየተባልን የተማርነውን እነዚህ ሰዎች ሳይማሩት ሲሠሩት ኖረዋል። እጃቸው ላይ የያዙትን ጥርስ ያለው ብረት እያየሁ ጠየቅኋቸው፤

"ጋሼ፣ ይህን ለመሥራት ስንት ይፈጅ ነበር?"

"ሁለት ቀን።"

"በብር ማለቴ ነው።"

"በብርማ ማን ቆጥሮት!" አሉና ሳቁ። "ባቡሩ መሄድ አለበት፤ ይሠራል፣ ይሄዳል። አለቀ!"

አልቀልድም፣ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በዚህ መልስ በኩል ነው። የሚደንቅ ችሎታ ነው፤ የማይቆጠር ወጪ ደግሞ የትም አይሄድም፣ አንድ ቀን ተጠራቅሞ ይመጣል።

ወደ ዕቃ መጋዘኑ በኩል ስንወጣ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ባስኩል አየሁ። የቡናው ጆንያ የሚመዘንበት ነው። ጋሼ ላዩ ላይ ቆመው ክንዱን ሊያንቀሳቅሱት ሞከሩ፤ ዝጓል። "ይኼ ትክክለኛ ነበር፤ የነጋዴውን ሚዛን የምናስተካክለው በዚህ ነው" አሉኝ። በዚህ ሚዛን ላይ ያልወጣው ጭነት ነው ባቡሩን የገደለው ብዬ ብናገር ምናልባት ይቆጡኝ ነበር። እንደሚከተለው ግን ልሞክር።

ጭነቱ የት ሄደ?

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ የአሰብ ወደብ ያለ ጉምሩክ ድንበር ተከፈተ። ጣሊያኖች የጀመሩት የአሰብ - ደሴ - አዲስ አበባ የመኪና መንገድም ነበረ። የጭነት መኪና ከባቡር አንድ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ መጋዘን በር ድረስ ይመጣል። ባቡሩ ግን ጣቢያ ላይ ያራግፍና ሌላ መኪና፣ ሌላ ተሸካሚ፣ ሌላ ደላላ ያስፈልጋል። ድሬዳዋን የወለደው ያ ማራገፍ አዲስ አበባ ላይ የነጋዴው ራስ ምታት ሆነ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ አክሲዮን ስትይዝና ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ መኪናው ጭነቱን መቀራመት ጀምሯል።

ከዚያ የመጣው ሁሉ ይታወቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ጋሼ ስለዚህኛው ሲነሣ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ወሬውን ወዲያው ለወጡ፤ እኔም አልገፋሁበትም።

የሚቆጨው የመጨረሻው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋና የአገሪቱ ገቢና ወጪ ጭነት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። እስቲ አስቡት! ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ጭነት አጣሁ ሲል የኖረ ባቡር፣ ገበያው በሙሉ በአንድ ጀምበር በሩ ላይ መጣለት። እሱ ግን የሚጎትትበት ሎኮሞቲቭ፣ የሚጭንበት ፉርጎ፣ የማይሰበር ሀዲድ አልነበረውም። ፍላጎቱ ሲመጣ አቅርቦቱ ቀድሞ ሞቷል። ጭነቱን መኪናው ወሰደው። ለውጪ ኩባንያ በአስተዳደር ለመስጠት የተደረገው ድርድር አልሰመረም፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳትም ዳር አልደረሰም። በ2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። በኋላ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው ክፍል ተጠግኖ ለጥቂት ጊዜ ሠርቷል።

ጉልበተኛው ኪሎ

ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ብረቱ ስንት ያወጣል? ጋሼ የድሮው ሀዲድ ውፍረቱ እንደየቦታው እንደሚለያይ ነግረውኛል። በአማካይ በሜትር 25 ኪሎ ብንል፣ ሀዲዱ ሁለት ስለሆነ በኪሎ ሜትር 50 ቶን፣ ማለትም 500 ኩንታል ብረት ይወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መስመር 680 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሲባዛ 34 ሺህ ቶን ይመጣል። የብረት ወራጁ፣ ድልድዩ፣ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው አልተቆጠረም። በኪሎው ዋጋ ማባዛቱን ለአንባቢ ትቻለሁ፤ የምናለሽ ተራ ዋጋ ጋዜጣው እስኪታተም ይለወጣል። ጥሬ ዕቃውን ከውጪ ለሚያስመጣና በዶላር እጥረት ለሚሠቃይ የአርማታ ብረት ፋብሪካ ግን ይህ ሁሉ ብረት ሜዳ ላይ ተጋድሞ ማየት ምን ያህል ምራቅ እንደሚያስውጥ መገመት አያስቸግርም። በየመንገዱ ዳር ላለው ነዋሪም እንዲሁ ነው። በመስመሩ አካባቢ የሄደ ሰው የባቡር ብረት የቤት ምሰሶና የአጥር ቋሚ ሆኖ ያያል።

የመሬቱ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ለገሀር ላይ ያለው የባቡር ግቢ የከተማው እምብርት በመሆኑ በ2011 ዓ.ም. የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ የሚያለማው ታላቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ይፋ ተደርጎበታል። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያው ሕንፃ ይጠበቃል ቢባልም ሕንፃው የዕቅዱ ጌጥ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። መሬት ሲወደድ አሮጌ ፉርጎ ማቆሚያ ቦታ ያጣል፤ ይህ የማንም ክፋት ሳይሆን የካሬ ሜትር ሒሳብ ነው። የድሬዳዋው ጋራዥ እስከ ዛሬ ከነማሽኑ የቆየው ከአዲስ አበባ ይልቅ ድሬዳዋ ታሪክ ስለምትወድ ነው ብዬ ለመጻፍ እጄን ያመኛል። የድሬ ካሬ ሜትር ገና ስላልተወደደ ይመስለኛል። ነፃ የንግድ ቀጣናው ሲሟሟቅ ይወደዳል።

ምሳ በልቼ ቀፊራ ገባሁ። አትክልት የሚሸጡ አንዲት ወይዘሮ ሰላሳ ዓመት በባቡር ሲመላለሱ እንደኖሩ ነገሩኝ። "ባቡር የገባ ቀን ብርቱካን ይወድቃል፣ ባቡር የቀረ ቀን ይሰቀላል። ዋጋ የምንሰማው በጡሩንባው ነበር" አሉኝ። ዛሬስ? ዛሬ በአይሱዙ ነው የሚመጣው፣ ሾፌሩ ስልክ ይደውላል። በአዲሱ ባቡር ለምን አይሄዱም ብላቸው ሳቁብኝ። አዲሱ ባቡር በየመንደሩ አይቆምም፣ በመስኮት አይሸጥበትም፣ ጣቢያውም ከከተማው ውጪ ነው። "ለእናንተ ነው እሱ" አሉኝ፤ ብርቱካኑንም ለአዲስ አበባ ሰው በሚሸጥበት ዋጋ ሸጡልኝ።

በዚህ የወይዘሮዋ ነገር ላይ ትንሽ ላክል። ያ ባቡር ሰውም ዕቃም በሁሉም ቦታ የሚያነሣ ቀርፋፋ ነበር፤ የዚያኑ ያህል ብዙ ትንንሽ ገበያዎችን ያጠጣ ነበር። አዲሱ ትላልቅ ኮንቴይነር ከወደብ ወደ ደረቅ ወደብ ለማመላለስ የተሠራ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ልክ አይሆንም። ትንሹን ገበያ የሚመልስ መጓጓዣ ግን እስካሁን ሚኒባስና አይሱዙ ብቻ ነው፤ የእነሱን የናፍጣ ወጪ ደግሞ የምንከፍለው እኛ በብርቱካኑ ላይ ነን።

ከሰዓት በኋላ ቃሌን ጠብቄ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ጋሼ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቃሚ ጓደኞቻቸውን አስተዋወቁኝ፤ አንዱ የድሮ ሎኮሞቲቭ ነጂ፣ አንዱ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ስለ አስመራ አወራኋቸው። ኤርትራ ከነፃነቷ በኋላ የአስመራ - ምጽዋን ሀዲድ ስትጠግን ጡረታ የወጡትን ሽማግሌዎች ጠርታ ነው የድሮዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች ያስነሣችው፤ ኋላም ለውጪ ጎብኚ እያከራየች አንቀሳቅሳቸዋለች። ነጂው ከጉልበታቸው ቀና አሉና "እኛንስ ማን ይጠራናል?" አሉ። ቲኬት ቆራጩ "እኔ ብጠራ እንኳ የማየው ቲኬት የለም" ሲሉ ሁሉም ሳቁ። ሳቁን ትቼ ሒሳቡን ስመለከተው ግን ብረቱ መቶ ዓመት ይቆያል፤ ይህን ማሽን ማስነሣት የሚችሉት እጆች አይቆዩም። ብረቱን ለመሸጥ የሚቸኩል የለም፤ ሰዎቹ ላይ ግን ጊዜው እየሄደ ነው። ሐረርን ለማየት ድሬዳዋ ከሚያርፈው እንግዳ ከአሥሩ አንዱ አንዲት ሊቶሪና ተነሥታ እስከ ሁርሶ ደርሳ ስትመለስ ለማየት አንድ ሌሊት ቢያድር፣ የአልጋው፣ የምሳውና የባጃጁ ገቢ ከምናለሽ ተራው ኪሎ ጋር መወዳደር መቻል አለመቻሉን አስልቶ ማየት የሚከብድ አይደለም። ብረት አንዴ ይሸጣል።

ስለ አዲሱ ባቡርም ጠየቋቸው። ማለቴ፣ እነሱ ናቸው እኔን የጠየቁኝ፤ "ያተርፋል?" ብለው። የኢትዮጵያው ክፍል ብቻ ወደ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የፈጀ ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ብድር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ተደረገ። ከጅቡቲ ሞልቶ የሚመጣው ባቡር ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶ ኮንቴይነር ይጎትታል፤ የምንሸጠው ከምንገዛው በክብደት እጅግ ያነሰ ነውና። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ባስኩሉ ወዳለበት አቅጣጫ አገጫቸውን አንሥተው "እሱ ድሮም ነበር። ወደ ላይ ጨውና ሸቀጥ፣ ወደ ታች ቡና፤ ቡና ባልደረሰ ጊዜ ፉርጎው በባዶው ይወርዳል" አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. ቻይናዎቹ የሥራ አመራሩን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረክበዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት ስለ ትርፉ አይደለም፤ "መለዋወጫውን የሚሠሩት የት ነው?" ነበር ጥያቄያቸው።

መልስ ልሰጥ ስል ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ነው። ልጃቸው የተሳቢ መኪና ሾፌር ነው፤ ደወሌ ላይ ወረፋ ይዞ ቆሟል። አባቱን ያስጠራው ቁርጥ የሆነ የመለዋወጫ ጉዳይ ነበር፤ አንድ የመኪናው ዕቃ ተሰብሮ ገበያ ላይ ጠፍቷል ወይም ተወድዷል። ጋሼ በሶማልኛና በአማርኛ አዳመጡ፣ ልኩን ጠየቁ፣ በጣታቸው አየር ላይ ለኩ። ስልኩን ዘግተው "ማሽኑ መብራት ቢኖረው ለነገ እሠራለት ነበር" አሉ።

የግቢው መዝጊያ ሰዓት ደርሶ ነበር። ለጋሼ የጫት ሰጠኋቸው፤ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ላይ የነገው ባቡሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ጣቢያው ድረስ ባጃጁ ብዙ ይጠይቅሃል" አሉኝ። "አቦ፣ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሂድ፤ የእኔ እንግዳ ነኝ በለው። እዚህ ቢሆን ኖሮ እኮ በእግርህ ነበር የምትመጣው።"